‹ስታርት አፕ ኮስት› ውስጥ ምን ይገባል? ካፌ ለሚከፍቱ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አነስተኛ ካፌ ለመክፈት ቤት ተከራይቻለሁ። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ግማሹን ገንዘብ ለማውጣት ተስማምቷል። ነገር ግን ወጪውን በእንግሊዝኛ ዘርዝሬ፣ ካፔክሱን፣ ኦፔክሱንና ራንዌዩን ለይቼ እንድልክለት ጠየቀኝ። እኔ የጻፍኩት ‹ኤክስፔንስ› የሚል አንድ ረጅም ዝርዝር ብቻ ነው። ኮስት፣ ኤክስፔንስና ኤክስፔንዲቸር ልዩነታቸው ምንድን ነው? ማሽኑን፣ የኪራይ ቅድሚያውን፣ እድሳቱንና ደመወዙን በየትኛው ስም ልጻፍ?»

ምላሽ፦

የወንድምዎ ጥያቄ ቅር ሊያሰኝዎ አይገባም። ሰው ገንዘቡን ሲያወጣ ሦስት ነገር ማወቅ ይፈልጋል፤ የትኛው ብር ንብረት ሆኖ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ወጥቶ እንደሚቀር፣ ካፌው ራሱን እስኪችል ድረስ በእጅ ያለው ገንዘብ ስንት ወር እንደሚያቆይ። ካፔክስ፣ ኦፔክስና ራንዌይ ያላቸው በቅደም ተከተል እነዚህኑ ነው። ሁሉንም በአንድ ዓምድ ‹ኤክስፔንስ› ብለው ሲልኩለት የቡና ማሽኑም፣ የሳሙናው ዋጋም፣ በአከራዩ እጅ የተያዘው መያዣም እኩል የጠፋ ገንዘብ መስለው ይታዩታል። እንዲህ ያለ ዝርዝር አይቶ ገንዘብ ለመላክ የሚደፍር ሰው ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ሦስቱን ስሞች እንለይ፤ ቡናውን ይዘን ብንሄድ ይቀላል። ሐምሌ ወር መጨረሻ ላይ 50 ኪሎ የተቆላ ቡና ገዝተው ከፈሉ እንበል። ገንዘቡ ከእጅዎ የወጣበት ድርጊት ኤክስፔንዲቸር ነው። ቡናውን የራስዎ ለማድረግ የሰጡት ዋጋ፣ ማጓጓዣውን ጨምሮ፣ ኮስት ይባላል። ነሐሴ ላይ 30 ኪሎው ተፈልቶ ከተሸጠ፣ የዚያ 30 ኪሎ ዋጋ የነሐሴ ኤክስፔንስ ይሆናል፤ ሙሉ ስሙም ኮስት ኦፍ ጉድስ ሶልድ ነው። መደርደሪያ ላይ የቀረው 20 ኪሎ ገና ኤክስፔንስ አልሆነም፤ ኢንቨንተሪ ተብሎ እንደ ሀብት ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ብር መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ የአንድ ነገር ዋጋ ሆኖ ይቀመጣል፣ በመጨረሻም ነገሩ ሲያገለግልና ሲያልቅ ኤክስፔንስ ይሆናል። ለኤሌክትሪክ የሚከፈለው ይህን መንገድ በአንድ ወር ይጨርሰዋል፤ ለቡና ማሽን የሚከፈለው ግን ዓመታት ይፈጅበታል። ካፔክስና ኦፔክስ የሚለያዩትም በዚህ ነው። አገር ቤት ንብረት ክፍል የሠራ ሁሉ ቋሚ ዕቃና አላቂ ዕቃ ብሎ የሚለየው ከዚህ ሐሳብ ብዙ አይርቅም።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። እዚህ ላይ ከሚልኩልኝ ዕቅዶች ብዙዎቹ ዋጋውን ብቻ ይጽፋሉ፤ ይህ ያጎድላል። ሌሎቹ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ወጪ ሁሉ ይጭኑበታል፤ ይህም ያበዛል። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 847 የተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎች ስለ ቋሚ ንብረት የሚናገረው ደረጃ 16 አላቸው። በዚህ ደረጃ መሠረት የንብረቱ ኮስት የግዢ ዋጋውን፣ የማይመለስ ቀረጥና ታክስን፣ ማጓጓዣን፣ ተከላንና ሙከራን ያካትታል። የሠራተኛ ሥልጠናን፣ ማስታወቂያን፣ የምረቃ ድግስንና የአስተዳደር ወጪን ግን በግልጽ ያስወጣል። ለስሌት እንዲመች ማሽኑ 600,000 ብር፣ ማጓጓዣው 8,000፣ የውኃ ማጣሪያና የኤሌክትሪክ መስመር ያለበት ተከላ 22,000 ቢሆን፣ ካፔክስ ብለው የሚጽፉት 630,000 ብር ነው። ባሪስታውን ለማሠልጠን የከፈሉት 15,000 ብር ለማሽኑ ሲባል የወጣ ቢሆንም እዚህ አይገባም። ሠራተኛው ነገ ጥሎ ሊሄድ ይችላል፤ ሥልጠናውን እንደ ዕቃ ይዘው ማስቀረት አይችሉም።

ይህ 630,000 ብር በየወሩ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይታያል። ስሙ ዲፕሪሲየሽን ነው፤ በግብር ሕጋችን የእርጅና ቅናሽ ይባላል። በደንብ ቁጥር 410/2009 በቀጥተኛ ዘዴ ለኮምፒውተር በዓመት 20 በመቶ፣ እንደ ቡና ማሽን ላሉ ሌሎች ዕቃዎች 15 በመቶ ተፈቅዷል። በ15 በመቶ ሲሰላ በዓመት 94,500፣ በወር 7,875 ብር ይሆናል። ወንድምዎ ይህን ቁጥር ሲያይ በየወሩ ገንዘብ የሚወጣ እንዳይመስለው፤ ገንዘቡ የወጣው ማሽኑ በተገዛ ቀን ነው። በየወሩ የሚመዘገበው ማሽኑ በማገልገሉ የቀነሰው ዋጋ ነው።

የተጨማሪ እሴት ታክስን በተመለከተ በአጭሩ፦ ተመዝጋቢ ከሆኑ በግዢ የከፈሉት 15 በመቶ ከሽያጭ ከሚሰበስቡት ላይ ስለሚቀናነስ ከማሽኑ ኮስት ውስጥ አያስገቡት። ተመዝጋቢ ካልሆኑ ግን የትም ስለማይመለስልዎ የዋጋው አካል ነው። ዝርዝሩ አናት ላይ ዋጋዎቹ ታክስን ይጨምሩ እንደሆነ በአንድ መስመር ይግለጹ።

እድሳቱ ሌላው ስሙ የሚሳሳት ወጪ ነው። እድሳትን ‹ሜንቴናንስ› ብለው እንዳይጽፉት እለምንዎታለሁ። ሜንቴናንስ ያለውን እንደነበረ ለማቆየት የሚደረግ ጥገና ስለሆነ ኦፔክስ ውስጥ ይገባል። እርስዎ ግን ጂፕሰም እያስገጠሙ፣ ወለል እያነጠፉ፣ የእጅ መታጠቢያና የወጥ ቤት መስመር እያስዘረጉ ነው። በተከራዩት ቤት ላይ የሚደረግ እንዲህ ያለ ሥራ ሊዝሆልድ ኢምፕሩቭመንት ይባላል፤ ካፔክስ ነው። ወንድምዎ ይህን ስም ሲያይ ወዲያው የሚያነሳው ጥያቄ «ውሉ ለስንት ዓመት ነው?» የሚል ይሆናል። ልክ ነው፤ ቤቱን ሲለቁ ጂፕሰሙ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ውልዎ የሁለት ዓመት ከሆነ 300,000 ብር ያፈሰሱበት እድሳት ሁለት ዓመት ብቻ እንደሚያገለግል አድርጎ ማስላት ጥንቃቄ ነው። በመሀል ከተማ ስንትና ስንት ቤት በአጭር ማስጠንቀቂያ ሲለቀቅ አይተናል። ስለዚህ ተነቅሎ የሚሄደውን ባንኮኒ፣ መደርደሪያና መብራት ከማይነቀለው ለይተው፣ ‹ፈርኒቸር ኤንድ ፊክስቸርስ› በሚል ርእስ ለብቻው ያስፍሩት።

ኪራዩስ? የስድስት ወር ቅድሚያ ከፍለው፣ የአንድ ወር ያህል መያዣ አስቀምጠው ከሆነ፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ መጻፍ የለባቸውም። መያዣው ሰኪዩሪቲ ዲፖዚት ነው፤ ቤቱን በሰላም ሲያስረክቡ ስለሚመለስ ከነጭራሹ ኤክስፔንስ አይደለም። ተመላሽ መሆኑ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ግን ዲፖዚት ብለው አይጻፉት፤ ወንድምዎን ማሳሳት ይሆናል። የስድስት ወሩ ቅድሚያ ፕሪፔይድ ሬንት ነው፤ በየወሩ አንድ ስድስተኛው ወደ ሬንት ኤክስፔንስ እየተዛወረ ያልቃል። ለደላላው የከፈሉት ‹ብሮከርስ ፊ› ተብሎ ለብቻው ይጻፍ። ለቀድሞው ተከራይ ቤቱን እንዲለቅልዎ የከፈሉት ካለም በግልጽ ‹ኪ መኒ› ይበሉት እንጂ ኪራዩ ውስጥ አይደብቁት። ደረሰኝ የሌለው ወጪ መሆኑን ወንድምዎ ከአሁኑ ይወቅ።

አሁን ርእሱ ላይ ወዳለው ስም ደረስን። ‹ስታርት አፕ ኮስት› ሁለት ስፋት አለው፤ ክርክሩም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። በንግድ ዕቅድ ቋንቋ ሰፊ ነው፤ በሩ እስኪከፈት ድረስ የሚያስፈልገው ገንዘብ በሙሉ፣ ማሽኑም እድሳቱም ኪራዩም፣ በዚህ ስም ይጠራል። በሂሳብ ባለሙያ አፍ ግን ጠባብ ነው፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወጥቶ ዕቃ ሆኖ የማይቀመጠውን ብቻ ይመለከታል። የንግድ ፈቃድና ምዝገባ፣ የውል ማረጋገጫ፣ የአርማ ሥራ፣ የሠራተኛ ሥልጠና፣ ለቅምሻ የፈላው ቡና፣ የመክፈቻ ማስታወቂያ፣ ከመከፈቱ በፊት የተከፈለ ደመወዝ ሁሉ እዚህ ይገባሉ። የሂሳብ ደረጃዎቹ ይህ በወጣበት ጊዜ ኤክስፔንስ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛሉ። የገቢ ግብር ሕጋችን ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለአዋጭነት ጥናትና ለሙከራ ምርት የሚወጣን ወጪ ለብቻው ለይቶ ይመለከታል። ስለዚህ ደረሰኞቹን ከመክፈቻው ቀን በኋላ ከሚመጡት ጋር ሳያደባልቁ በአንድ ፋይል ያኑሩ። ወንድምዎ የሚፈልገው ሰፊውን ነው። አጠቃላዩን ‹ቶታል ስታርት አፕ ኮስት› ይበሉት፤ ጠባቡን ደግሞ ውስጡ ‹ፕሪ ኦፕኒንግ ኤክስፔንስስ› የሚል ንዑስ ርእስ ይስጡት። ሁለቱ እንዲህ ሲለያዩ ግጭቱ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ ያለው የምላሼ ዋና ክፍል ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ፤ ይታገሡኝ። በላኩት ዝርዝር ውስጥ አንድ ወጪ ጨርሶ የለም፤ ዎርኪንግ ካፒታል። የአዲስ አበባ ካፌዎች በማሽን ማነስ አይዘጉም። የሚዘጉት በሩ ከተከፈተ በኋላ ያሉትን ወራት የሚያሻግር ገንዘብ ሳይያዝላቸው ነው። ‹ካፒታል› ሲባል ንግድ ፈቃድ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ትዝ ይለን ይሆናል፤ ዎርኪንግ ካፒታል ግን ዕለት ተዕለት የሚሽከረከረው፣ ደመወዝ የሚከፍለው፣ ወተት የሚገዛው ብር ነው።

በእርስዎ ካፌ መጠን አንድ ግምት እንሥራ። ኪራይ በወር 60,000 ብር። የአምስት ሠራተኞች ጠቅላላ ደመወዝ 50,000 ብር፤ በዚህ ላይ አሠሪው የሚያዋጣው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ፣ ማለትም 5,500 ብር አለ። ሠራተኛው የሚያዋጣው 7 በመቶ ከራሱ ደመወዝ ስለሚቆረጥ ዳግመኛ አይደመርም። መብራት፣ ውኃና ኢንተርኔት 9,500፣ ጽዳት፣ የሂሳብ አገልግሎትና ሌላ ጥቃቅን 10,000። ድምሩ 135,000 ብር ነው፤ ደንበኛ ቢመጣም ባይመጣም የሚከፈል ስለሆነ ፊክስድ ኮስት ይባላል። ቡናው፣ ወተቱ፣ ስኳሩና ኬኩ በሽያጩ ልክ ስለሚጨምሩ ቫሪያብል ኮስት ናቸው። ከአንድ ደንበኛ፣ ቫሪያብል ኮስቱ ተቀንሶ፣ በአማካይ 45 ብር ይተርፋል ብንል፣ 135,000 ለ45 ሲካፈል 3,000 ደንበኛ ይሆናል። ይህ ብሬክ ኢቭን ፖይንት ነው። በወር 26 ቀን ከሠሩ በቀን 116 ሰው ማለት ነው። ዲፕሪሲየሽኑን ከጨመሩበት ቁጥሩ ከዚህም ከፍ ይላል።

መቼም በመጀመሪያው ወር 116 ሰው አይመጣም። በመጀመሪያው ወር 1,000፣ በሁለተኛው 1,667፣ በሦስተኛው 2,333፣ ከአራተኛው ጀምሮ 3,000 ደንበኛ ቢመጣ፣ የሚተርፈው በቅደም ተከተል ወደ 45,000፣ 75,000፣ 105,000 እና 135,000 ብር ይሆናል። ከኪራይ ውጭ ያለው የወሩ ወጪ 75,000 ብር ብቻ ነው፤ ኪራዩ አስቀድሞ ተከፍሏልና። ስለዚህ በእጅዎ ያለውን ገንዘብ ብቻ ካዩ በመጀመሪያው ወር 30,000 ይጎድላል፣ ሁለተኛው ወር እኩል ይወጣል፣ ሦስተኛው 30,000 ያተርፋል፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 60,000 ይተርፋል። በስድስተኛው ወር መጨረሻ ካዝናው ውስጥ 180,000 ብር አለ። ሁሉም ደስ ይለዋል፤ አንዳንዱም በዚህ ጊዜ ሁለተኛ ማሽን ያዝዛል።

በሰባተኛው ወር የመጀመሪያ ቀን አከራዩ የቀጣዩን ስድስት ወር 360,000 ብር ይጠይቃል። ያለው 180,000 ነው። የጎደለው 180,000 ብር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ 90,000፣ 60,000 እና 30,000። ኪራዩ አስቀድሞ ስለተከፈለ ተሸፍኖ ቆየ እንጂ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበር። ለዚህ ነው በአገራችን የቅድሚያ ክፍያ ልማድ ውስጥ ራንዌይን በካዝና ገንዘብ ብቻ ማስላት አደገኛ የሚሆነው። ወንድምዎ ‹በርን ሬት› ብሎ ሲጠይቅዎ፣ በወር የሚወጣው ገንዘብ በሙሉ ግሮስ በርን፣ ከእሱ ላይ ገቢው ተቀንሶ የሚጎድለው ኔት በርን መሆኑን ይወቁ። በእጅ ያለውን ገንዘብ ለኔት በርን ሲያካፍሉ የሚገኘው የወራት ቁጥር ራንዌይ ነው። እርስዎ ግን በየወሩ 60,000 ብር ለኪራይ እንደወጣ ቆጥረው፣ ያንን ብር በተለየ የባንክ ሂሳብ እያስቀመጡ ያስሉ። ለወንድምዎም ሁለቱንም ስሌት ጎን ለጎን ይላኩለት። ከውጭ ሆኖ ወርኃዊ ኪራይ ብቻ የሚያውቅ ሰው የስድስት ወሩን ጉዳይ በራሱ አያስበውም።

ወሩን ሲገምቱ ጾሙን አይርሱ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አሉ። ከሚጾሙ ደንበኞችዎ የማኪያቶና የኬክ ገቢ አይጠብቁ። የወተቱ ወጪ አብሮ ስለሚወርድ ጉዳቱ ይቃለላል፤ ኪራይና ደመወዙ ግን ባሉበት ይቆያሉ። የመክፈቻው ቀን የካቲት ላይ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ወራት ግምት ከላይ ካስቀመጥኩት ዝቅ ይበል።

መጠባበቂያውን በተመለከተ፦ ‹ሚሴሌኒየስ› እና ‹ኮንቲንጀንሲ› አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ልዩ ልዩ ጥቃቅን ወጪ ነው፤ ትልቅ ቁጥር ከያዘ አንባቢው የተደበቀ ነገር አለ ብሎ ይጠረጥራል። ሁለተኛው ዋጋ ቢጨምር ወይም ግድግዳው ሲፈርስ ያልታሰበ የቧንቧ ችግር ቢገኝ የሚነካ መጠባበቂያ ነው። ከካፔክሱ 10 በመቶ መያዝ የተለመደ ሲሆን፣ ሳይነካ ከቀረም የእናንተው ነው።

አጻጻፉ ላይ ጥቂት ላንሳ። በአማርኛ «ለእድሳት ይህን ያህል አወጣሁ» ስለምንል ብዙዎቻችን ‹ስፔንድ ፎር› እንላለን፤ ትክክሉ ‹ስፔንድ ኦን› ነው። ‹ፔይ ፎር› ግን ደህና ነው፤ ‹ኢንቨስት›ን ደግሞ ‹ኢን› ይከተለዋል። ‹ኢኩዊፕመንት› እና ‹ፈርኒቸር› ብዛት አመልካች ‹ስ› አይጨመርባቸውም፣ መቶ ወንበር ቢሆን እንኳ። ወጪ ‹ተከሰተ› ወይም ‹ገጠመን› ለማለት የሚሄደው ግስ ‹ኢንከር› ነው። እኛ «ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቤያለሁ» የምንለውን ወንድምዎ ዘንድ ‹ስሪ ኮቴሽንስ› ይበሉት፤ እዚያ ፕሮፎርማ ኢንቮይስ ሲባል ለዋጋ ማወዳደሪያ የተሰበሰበ ሳይሆን ሻጩ ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት የሚልከው ቅድመ ደረሰኝ ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ‹ኤስቲሜት›፣ ‹ኮቴሽን› ወይም ‹አክቹዋል› የሚል ምልክት ያድርጉ። በግምት የተጻፈው፣ ዋጋ የተጠየቀበትና የተከፈለው ሲለዩ ዝርዝርዎ ይታመናል።

ዘመኑንም ያስታርቁ። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ‹ይር 1› ብለው ብቻ አይተዉት፤ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ ዕቅዱን በብር ይሥሩ፣ ወደ ዶላር የለወጡበትን ተመንና ቀኑንም ከሥር ያስፍሩ።

ሁሉም ሲሰበሰብ፣ በወሰድናቸው ምሳሌዎች ላይ ለባንኮኒና ወንበር 180,000፣ ለቅድመ መክፈቻ 70,000፣ ለመጀመሪያ የዕቃ ክምችት 40,000 ብር ብንገምት፣ ካፔክሱ (ማሽን፣ እድሳት፣ ባንኮኒና ወንበር) 1,110,000 ብር ይሆናል። ፕሪፔይድ ሬንት 360,000፣ ዲፖዚት 60,000፣ ቅድመ መክፈቻ 70,000፣ ክምችት 40,000፣ ዎርኪንግ ካፒታል 180,000፣ ኮንቲንጀንሲ 111,000 ሲደመሩበት 1,931,000 ብር ነው። ይህ ‹ዩዝስ ኦፍ ፈንድስ› ይባላል። በቀኝ በኩል ‹ሶርስስ ኦፍ ፈንድስ› ብለው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይጻፉ፤ ሁለቱ ድምሮች የግድ እኩል መሆን አለባቸው።

እዚያ ዓምድ ላይ የወንድምዎ 965,500 ብር ምን ተብሎ ይጻፍ? ከመላክዎ በፊት ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትወስኑት ይህን ነው። ‹ሎን› ከሆነ ዋናው ገንዘብ ሲመለስ ኤክስፔንስ አይባልም፤ ኤክስፔንስ የሚሆነው ወለድ ካለው ወለዱ ብቻ ነው። ዋናው ግን ከካዝና ስለሚወጣ ራንዌዩን ያሳጥራል፤ መመለሻ ጊዜው ከሰባተኛው ወር ጋር እንዳይገጥም ያድርጉ። ‹ኢኩዊቲ› ከሆነ የመመለሻ ቀን የለውም፤ ትርፍ ይካፈላል፣ ኪሳራም ይካፈላል። ፈቃዱ በእርስዎ ስም ብቻ የወጣ የግል ንግድ ከሆነ ግን በሕግ ፊት ባለድርሻ አይደለም። ባለድርሻ እንዲሆን ከፈለጋችሁ በንግድ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም አንዱ መንገድ ነው። እርስዎ በግል ንግድዎ ለራስዎ በየወሩ የሚያነሱት ብርም ደመወዝ አይደለም፤ ስሙ ‹ድሮዊንግስ› ነው። በላኩት ዝርዝር ውስጥ ስላላየሁት፣ ምን ያህል እንደሚያነሱ አሁኑኑ ወስነው ከወሩ ወጪ ላይ ይጨምሩትና ብሬክ ኢቭኑን እንደገና ያስሉት።